የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ወተት ይተው? ስለ ጠጠሩ መንስኤና መከላከያ ምርምር የደረሰበት

የኩላሊት ጠጠር ታሞ የዳነ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጠጠሩ ካልሲየም ነው፤ ወተትና የወተት ተዋጽኦ ተው» የሚል ነው። ለጆሮ ልክ ይመስላል። ሐኪሞችም ራሳቸው ለአሥርት ዓመታት ሲመክሩት የኖሩት ይህንኑ ነው። ምርምሩ ግን ከ30 ዓመት በፊት ጀምሮ ሌላ ነገር እያሳየ መጥቷል፤ ካልሲየምን ከምግብ ማስወጣት ጠጠሩን በማስቀረት ፋንታ ተመልሶ እንዲመጣ ሊያግዝ ይችላል። ምክሩ በምርምር ከተሻረ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ከቤት ቤት መዞሩን አላቆመም፤ ይህን ማብራሪያ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። ነገሩ እንዴት እንደተገለበጠ ለመረዳት ጠጠሩ ከምን እንደሚሠራና የት እንደሚጀምር ማየት ይገባል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠጠሩ ከምን የተሠራ ነው?

ኩላሊት ደም አጣርቶ ሰውነት የማይፈልገውን በሽንት ያስወጣል። ሽንት ውስጥ ከውሃው ጋር ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ ዩሪክ አሲድና ኦክሳሌት ሟሙተው ይገኛሉ። ኦክሳሌት በብዙ ተክሎች ውስጥ ያለ፣ ጉበታችንም በራሱ የሚያመርተው፣ ሰውነት የማይጠቀምበት ተረፈ ምርት ነው።

በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስኳር እየጨመርን ብናማስል መጀመሪያ ሁሉም ይሟሟል፤ ከሆነ መጠን በላይ ግን የተጨመረው ሳይሟሟ ከሥር ይቀራል። ሽንትም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ውሃው ሲያንስ ወይም ማዕድኑ ሲበዛ ካልሲየምና ኦክሳሌት ተያይዘው ጥቃቅን ክሪስታሎች ይሠራሉ። የሚገርመው ግን ጠጠር የማያውቃቸው ጤነኛ ሰዎች ሽንትም በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ የተሞላ መሆኑ ነው። ጠጠር የማይዛቸው ሽንት ውስጥ ክሪስታል እንዳይያያዝ የሚከላከሉ ነገሮች ስላሉ ነው። ዋናው ሲትሬት ይባላል። ሲትሬት ካልሲየሙን ቀድሞ ይይዘውና ከኦክሳሌት ጋር እንዳይገናኝ ያደርገዋል። ስለዚህ ሐኪም ጠጠር ያለበትን ሰው ሽንት ሲመረምር የበዛውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ይፈልጋል።

ከአምስት ጠጠሮች አራቱ ገደማ ካልሲየም ያለባቸው ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ካልሲየም ኦክሳሌት፣ ጥቂቶቹ ካልሲየም ፎስፌት ናቸው። ከዩሪክ አሲድ የሚሠራው ጠጠር ከጠቅላላው አሥር በመቶ አካባቢ ነው። ፕሮቲየስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች የሽንት ኢንፌክሽን ሲያስከትሉ የሚፈጠር፣ በፍጥነት አድጎ ኩላሊቱን ሊሞላ የሚችል ጠጠርም አለ። ሲስቲን የሚባለው ደግሞ በዘር ብቻ የሚመጣና ብዙም የማይገኝ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚያስፈልገው አንዱን የሚከላከለው ነገር ሌላውን ሊያባብስ ስለሚችል ነው።

ለዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚያመው ለምንድን ነው?

ጠጠር ኩላሊት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም። ለሌላ ነገር በተደረገ አልትራሳውንድ ድንገት የሚገኝባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሕመሙ የሚነሳው ጠጠሩ ከኩላሊት ወጥቶ ወደ ፊኛ በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲገባ ነው። የቱቦው ውስጠኛ ስፋት ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ጠጠሩ ሲወተፍበት ሽንት ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ኩላሊቱ ይወጠራል፤ ሕመሙ ከጎን ተነስቶ እስከ ብሽሽት ይወርዳል፣ በማዕበል እየመጣም ይሄዳል። ከአምስት ሚሊሜትር የሚያንሰው አብዛኛው ጠጠር ያለ ቀዶ ሕክምና በራሱ ይወጣል። ሕመሙ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በተዘጋ ቱቦ ላይ ኢንፌክሽን መኖሩን ስለሚያመለክት ጊዜ ሳይሰጡ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዋ ቅንጣት የት ትጣበቃለች?

ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አስጨንቋል። ሽንት በኩላሊት ውስጥ የሚያልፈው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ አንዲት ክሪስታል ቱቦ ለመድፈን እስክትበቃ ልታድግ አትችልም፤ ታጥባ ትሄዳለች። ለማደግ የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል።

አሌክሳንደር ራንዳል የተባለ አሜሪካዊ የሽንት አካላት ሐኪም በ1930ዎቹ ይህንን ፍለጋ ከሺህ በላይ የሞቱ ሰዎችን ኩላሊቶች አንድ በአንድ ከፍቶ ተመለከተ። ያተኮረው ሽንት ከኩላሊቱ ሥጋ ወጥቶ በሚንጠባጠብባቸው ትንንሽ ጉብታዎች ላይ ነበር። ከአምስቱ ኩላሊት በአንዱ ገደማ ጉብታው ላይ ነጣ ያለ የማዕድን ንጣፍ አገኘ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ጠጠሮች ከንጣፉ ጋር ተጣብቀው ነበር። ውጤቱን በ1937 አሳተመ። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለማረጋገጥ የሚያስችል መሣሪያ በዘመኑ ስላልነበረ ግን ሐሳቡ ለአሥርት ዓመታት ተከድኖ ቆየ።

ቀጫጭን የካሜራ መሣሪያዎች ሲመጡ ፍለጋው እንደገና ተከፈተ። በኢንዲያና እና በቺካጎ ያሉ ተመራማሪዎች ጠጠር ለማስወጣት ሕክምና ላይ ካሉ ሰዎች ከእነዚሁ ጉብታዎች ትንሽ ሥጋ ወስደው መረመሩ፤ ውጤቱም በ2003 ወጣ። ንጣፉ የሚጀምረው ሽንቱ ውስጥ ሳይሆን በኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ፣ በጣም ቀጫጭን የሆኑትን የማጣሪያ ቱቦዎች በከበበው ስስ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ማዕድኑም ካልሲየም ኦክሳሌት ሳይሆን ካልሲየም ፎስፌት ነው። ንጣፉ እየሰፋ ሄዶ የጉብታውን ቆዳ ሲቀድ ከሽንት ጋር ይገናኛል፤ ካልሲየም ኦክሳሌቱ የሚደራረበውም ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ግን የሁሉም ጠጠር ታሪክ አይደለም። በዚያው ጥናት፣ ውፍረት ለመቀነስ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ጠጠር የያዛቸው ሰዎች ንጣፉ አልነበራቸውም፤ ክሪስታሎቹ የሽንት መሰብሰቢያ ቱቦዎቹን ከውስጥ ደፍነው ተገኙ። ከውጭ ሲታይ አንድ የሚመስለው በሽታ ወደ ውስጥ ሲገቡ የተለያዩ መንገዶች አሉት። እኔ እንደሚመስለኝ «የጠጠር መድኃኒት ይህ ነው» የሚል አንድ መልስ ሊገኝ ያልቻለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ወተቱን መተው ለምን አይበጅም?

መልሱ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። ካልሲየምና ኦክሳሌት አብረው ሲበሉ ገና አንጀት ውስጥ ሳሉ ይያያዛሉ፤ የተያያዘው ነገር ስለማይሟሟ ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ከምግቡ ካልሲየም ሲጠፋ ኦክሳሌቱ የሚይዘው አጥቶ ወደ ደም ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ኩላሊት ይወርዳል። ሽንት ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ከካልሲየሙ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት በመሆኑ ትንሽ ጭማሪው እንኳን ሚዛኑን ያዛባል።

ይህንን ወደ ብርሃን ያወጣው በ1993 የታተመው የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ጋሪ ከርሃንና ባልደረቦቹ ከዚያ በፊት ጠጠር ይዟቸው የማያውቅ 45,619 ወንዶችን ለአራት ዓመት ተከታተሉ። በዘመኑ አስተሳሰብ ካልሲየም አብዝተው የሚመገቡት ይበልጥ መታመም ነበረባቸው። የተገኘው የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ከምግብ ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት ጥቂት ከሚያገኙት ይልቅ በጠጠር የመያዝ ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሴቶች ላይ የወጣው ተመሳሳይ ጥናትም ይህንኑ አጸና፤ አንድ ልዩነት ግን ጨመረ። ካልሲየምን በእንክብል የሚወስዱት ሴቶች ስጋታቸው ከማይወስዱት በ20 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት እንክብሉ ብዙ ጊዜ ከምግብ ተለይቶ ስለሚዋጥ አንጀት ውስጥ ከኦክሳሌት ጋር አይገናኝም፤ ሽንት ውስጥ ያለውን ካልሲየም ግን ይጨምራል።

የክትትል ጥናት የራሱ ድካም አለው። ወተት የሚጠጡ ሰዎች በሌላ ነገርም ከማይጠጡት ሊለዩ ይችላሉ። ጥርጣሬውን ለማጥራት ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ማወዳደር ያስፈልግ ነበር፤ ይህንን የሠራው የጣሊያኗ ፓርማ ከተማ ቡድን ነው። ሎሪስ ቦርጊና ባልደረቦቹ ጠጠር የሚመላለስባቸውንና ሽንታቸው ውስጥ ካልሲየም የበዛባቸውን 120 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። 60ዎቹ በቀን 400 ሚሊግራም አካባቢ ካልሲየም ብቻ ያለበት ምግብ ታዘዘላቸው። ሌሎቹ 60ዎቹ እንደማንኛውም ሰው 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም እያገኙ ጨውና የእንስሳት ፕሮቲን እንዲቀንሱ ተደረገ። በ2002 የወጣው የአምስት ዓመት ውጤት እንዲህ ነበር፦ ካልሲየም ከቀነሱት 23ቱ፣ ካልቀነሱት 12ቱ ዳግም ጠጠር ያዛቸው።

ከቁጥሩ ይልቅ የማረከኝ የሽንት ምርመራው ነው። የሽንት ካልሲየም በሁለቱም ቡድን ቀንሷል። ይህ ማለት ካልሲየም የከለከሉት ሐኪሞች የፈለጉትን አግኝተው ነበር። ኦክሳሌቱ ግን ካልሲየም ባቆሙት ላይ ጨመረ፣ በሌሎቹ ላይ ቀነሰ። በአንድ በኩል የተገኘው በሌላው በኩል ፈሰሰ ማለት ነው። ካልሲየም የተከለከለ ሰው አጥንቱም የሚሳሳበት ስጋት ላይ ስለሚወድቅ ጉዳቱ ድርብ ነው። ሁለተኛው ቡድን ካልሲየም ከማግኘቱ በላይ ጨውና ሥጋም ስለቀነሰ የውጤቱ ምስጋና ለካልሲየም ብቻ እንደማይሰጥ መታወቅ አለበት።

ጨውና ሥጋ ከጠጠር ጋር ምን አገናኛቸው?

ኩላሊት ያጣራውን ካልሲየም አብዛኛውን መልሶ ወደ ደም ያስገባል፤ ይህ ሥራ ጨው ውስጥ ካለው ከሶዲየም ጋር የተቆራኘ ነው። ጨው ስናበዛ ኩላሊት ትርፉን ሶዲየም ወደ ሽንት ይለቃል፣ ካልሲየሙም ተከትሎት ይወጣል። ስለዚህ ሽንት ውስጥ ያለው ካልሲየም የሚቀንስበት አንዱ አስተማማኝ መንገድ ጨው መቀነስ ነው። የታሸጉና በፋብሪካ የተዘጋጁ ምግቦች ላይ ያለው ጨው ከምላስ የሚሰወር በመሆኑ የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል።

ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ሲበዙ ደግሞ ሰውነት ውስጥ አሲድ ይጨምራል። ያኔ የሽንት ሲትሬት ይቀንሳል፣ ዩሪክ አሲድ ይበዛል፣ ሽንቱም ይበልጥ አሲዳማ ይሆናል። ዩሪክ አሲድ በአሲዳማ ሽንት ውስጥ አይሟሟም። በጣም ወፍራም በሆኑና ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ጠጠር የሚበዛውም ሽንታቸው ወደ አሲድነት ስለሚያደላ ነው። በሌላ በኩል ይህ ጠጠር አንድ መልካም ጎን አለው። ሽንቱን በመድኃኒት ከአሲድነት ማውጣት ከተቻለ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊሟሟ ይችላል።

ኦክሳሌት ያለበትን ምግብስ? ስፒናች በኦክሳሌት ከበለጸጉት ምግቦች ዋነኛው ስለሆነ የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ያለበት ሰው ቢቀንሰው ይሻላል። ከዚህ ተነስቶ አትክልትን ሁሉ መፍራት ግን ስህተት ነው፤ አትክልትና ፍራፍሬ ሲትሬት ይጨምራሉ። ይልቅ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የቫይታሚን ሲ እንክብል ነው። ሰውነት ከተረፈው ቫይታሚን ሲ ከፊሉን ወደ ኦክሳሌት ይለውጠዋል። በ2013 የወጣ አንድ የስዊድን ጥናት ወደ 1,000 ሚሊግራም የሚጠጋ እንክብል የሚወስዱ ወንዶች ከማይወስዱት ይልቅ በእጥፍ ገደማ በጠጠር እንደሚያዙ አሳይቷል።

ምን ያህል ውሃ ይበቃል?

ይኸው የፓርማ ቡድን ቀደም ብሎ ያወጣው ሌላ ጥናት አለ። በ1996 የታተመው ይህ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የካልሲየም ጠጠር የያዛቸውን 199 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ የቀን ሽንታቸው ከሁለት ሊትር እንዲያልፍ ውሃ እንዲያበዙ አደረገ። በአምስት ዓመት ውስጥ ውሃ ካበዙት 12 በመቶው፣ ካላበዙት 27 በመቶው ጠጠር ተመለሰባቸው። ለሁሉም የጠጠር ዓይነት የሚሠራና ርካሽ የሆነ መከላከያ ቢኖር ይህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጥናቱ የለካው የተጠጣውን ሳይሆን የወጣውን ነው። ዛሬ በስፋት የሚሰጠው ምክርም በቀን ቢያንስ ሁለት ሊትር ተኩል ሽንት ማውጣት ነው። በሙቀት የሚሠራ ሰው ሦስት ሊትር ጠጥቶ አብዛኛውን በላብ ሊያጣው ይችላል፤ ስለዚህ «ስምንት ብርጭቆ» የሚለው የተለመደ ቁጥር ለሁሉም አይሠራም። በአንድ የዕረፍት ቀን የ24 ሰዓቱን ሽንት መለኪያ ባለው ዕቃ እያጠራቀሙ መለካት ራስን ለማወቅ በቂ ነው። በሌላው ቀን የሽንቱን ቀለም ማየት ይበቃል፤ የደፈረሰ ወይም የጠቆረ ቢጫ ከሆነ ውሃው አንሷል። ሽንት ቤት በሌለበት ቦታ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ ሰዎች አውቀው ውሃ እንደሚተዉም መዘንጋት የለበትም። ለእነሱ «ጠጡ» ብቻ ማለት ምክር አይሆንም።

መድኃኒት የለውም?

አለው፤ ግን በጠጠሩ ዓይነት ይወሰናል። ፖታሺየም ሲትሬት የሽንቱን ሲትሬት ስለሚጨምርና አሲድነቱን ስለሚቀንስ ለካልሲየምም ለዩሪክ አሲድም ጠጠር ይታዘዛል። ቀዳሚውን ምርምር ያካሄደው በዳላስ የነበረው ቻርልስ ፓክ ሲሆን መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ በ1985 ተፈቀደ።

ክርክር የተነሳው ታያዛይድ በሚባሉት ላይ ነው። እነዚህ ለደም ግፊት የሚሰጡ ክኒኖች ከሽንት ካልሲየም ስለሚቀንሱ ለአሥርት ዓመታት ለጠጠር ሲታዘዙ ኖረዋል። ማስረጃቸው ግን ትንንሽና የቆዩ ጥናቶች ነበሩ። በ2023 በስዊዘርላንድ የተሠራና 416 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ከእነዚሁ ክኒኖች አንዱ የሆነውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድን በሦስት መጠን ከባዶ እንክብል ጋር አወዳደረ። ሦስት ዓመት በሚጠጋ ክትትል ጠጠሩ በመመለሱ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ የፖታሺየም ማነስ፣ ሪህና አዲስ የስኳር በሽታ ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ይበልጥ ታየ። አንዳንድ ባለሙያዎች ተሳታፊዎቹ ጨው አለመቀነሳቸውን፣ መድኃኒቱም በቀን አንዴ ብቻ መሰጠቱን አንስተው ነገሩ አልተዘጋም ይላሉ። ይህን ክኒን የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር እንጂ በራሱ አያቁም፤ ለደም ግፊቱም ሊሆን ይችላል።

በዘር ይተላለፋል? ባክቴሪያስ ምን አገባው?

ቤተሰቡ ውስጥ ጠጠር ያለበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ነው። በአብዛኛው ግን የሚወረሰው ዝንባሌው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ጥቂቶች ላይ አንድ የተበላሸ ጂን ብቻውን ይበቃል። ከእነሱ አንዱ ጉበት ኦክሳሌት ያለ ልክ የሚያመርትበት፣ ሕፃናትን ጭምር ለኩላሊት ውድቀት የሚዳርግ በሽታ ነው። ጉበት ውስጥ ኦክሳሌት የሚሠራበትን መንገድ ከሥሩ የሚያስቆም ሉማሲራን የተባለ መርፌ በ2020 ተፈቅዶላቸዋል። በዚህ ሁሉ ምርምር ውስጥ እኔን ከምንም በላይ ያስደሰተኝ ዜና ይህ ነው።

በ1985 ደግሞ ኦክሳሌት ብቻ እየበላ የሚኖር የአንጀት ባክቴሪያ ኦክሳሎባክተር ፎርሚጅንስ ተብሎ ተሰየመ። ባክቴሪያውን በእንክብል መስጠት ጠጠርን ያስቀራል የሚል ተስፋ ነበር፤ እስካሁን የተደረጉት ሙከራዎች ግን የተጠበቀውን አላስገኙም። አንጀት ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ስብጥር ጉዳዩ ውስጥ እጁ እንዳለበት ግን ሌላ ፍንጭ አለ። በ2018 በብሪታንያ የሕክምና መዛግብት ላይ የተሠራ ጥናት አምስት ዓይነት አንቲባዮቲኮችን ከጠጠር መጨመር ጋር አያይዟል፤ ግንኙነቱ በልጅነት ዕድሜ በወሰዱት ላይ ይበልጥ ጎልቷል። መድኃኒቱ ራሱ መንስኤ መሆኑን ይህ ጥናት ብቻውን አያረጋግጥም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ላለመውሰድ ግን ተጨማሪ ምክንያት ነው።

በሽታው እየበዛ ነው?

አዎ። አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ አገር አቀፍ ዳሰሳዎች ጠጠር ይዞኝ ያውቃል ያሉ አዋቂዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ 3.8 በመቶ ነበሩ፤ ከ2007 እስከ 2010 በተደረገው ግን 8.8 በመቶ ደርሰዋል። የውፍረትና የስኳር በሽታ መስፋፋት፣ የአመጋገብ ለውጥና ሙቀት ይጠረጠራሉ፤ በሲቲ ስካን ቀድሞ የማይታየው መታየቱም የራሱን ድርሻ ጨምሯል።

አንድ ጊዜ ከያዘኝ ምን ላድርግ?

ጠጠሩ ሊወርድ ነው ሲባል ሽንትን በማጥለያ አሳልፎ ቅንጣቷን መያዝና ለምርመራ መስጠት ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ከሕመሙ የመገላገል ደስታ ላይ ሆኖ ይጥላታል፤ ዓይነቱን በእርግጠኝነት የምትናገረው ግን እሷ ናት። ያለ ምንም መከላከያ ከተቀመጡት ግማሽ ያህሉ በአሥር ዓመት ውስጥ እንደገና ስለሚያዙ፣ በተለይ ከአንድ ጊዜ በላይ የያዘው፣ ሕፃን ሆኖ የያዘው ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው የ24 ሰዓት የሽንት ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል። ምርመራው የካልሲየም፣ የኦክሳሌት፣ የሲትሬት፣ የሶዲየምና የዩሪክ አሲድ መጠንን ለየብቻ ስለሚያሳይ ሐኪሙ በግምት አያዝዝም።

ከዚህ በላይ የተባለውን ሳይጠይቁ መተግበር የማይገባቸው ሰዎችም አሉ። የልብ ድካም ያለበት ወይም ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ውሃ ሲያበዛ ሰውነቱ ሊያብጥና መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ፖታሺየም ያለበት መድኃኒትም ኩላሊቱ ለተዳከመ ሰው የልብ ምት እስከማዛባት ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች በቀን ምን ያህል እንደሚጠጡ የሚወስንላቸው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው።